የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት

ባለፈው ትምህርት ስለ ተራኪ ድርሰት አጥንታችኋል። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት ደግሞ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳውን የድርሰት ዓይነት ነው። ተራኪ ድርሰት የሚያነብ ሰው ተረጋግቶ ተቀምጦ ያነባል። የአሠራር ድርሰት የሚያነብ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው እጁ መፍቻውን ይዞ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አንድ ነገር ቢዘል ወይም ቢያዛባ፣ ጉዳቱ በአንባቢው ሥራ፣ አንዳንዴም በአካሉ ላይ ይደርሳል።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በጸጥታ አንብቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ከእያንዳንዱ ተግባር በፊትና በኋላ የሚመጣውን ተግባር በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ።

የአንዲት አሮጌ መኪና ሞተር አለዋወጥ

ጀርባዋ ክብ የሆነችው ትንሿ ቮልስዋገን በጀርመን አገር ተነድፋ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ቆሟል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ትታያለች። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ ሲሆን የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራች ቮልስዋገን 1,192 ሴንቲ ሜትር ኩብ መጠንና 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መኪናዋ ሰው ሞልታ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ስለዚህ ነው። ባለቤቷም ከእርሷ በኋላ ከተሠሩት ቮልስዋገኖች የአንዷን፣ 1,584 ሴንቲ ሜትር ኩብ መጠንና 50 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር አግኝቶ፣ በቤቱ ግቢ ውስጥ ሊለውጥ ያስባል እንበል።

ሁለቱም ሞተሮች ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙት በአራት ቦታ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመፍታት በፊት ማነጻጸር ይቀድማል። የአሮጌዋ መኪና ኤሌክትሪክ 6 ቮልት፣ የአዲሱ ሞተር ግን 12 ቮልት ነው፤ ስለሆነም ባትሪው፣ አምፖሎቹና ሞተሪኖው መለወጥ አለባቸው። ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ ማለትም በቮላኖው ዙሪያ ያሉት ጥርሶች በአሮጌው 109፣ በአዲሱ 130 ናቸው። የፍሪሲዮኑም ስፋት ከ180 ወደ 200 ሚሊ ሜትር ያድጋል። አዲሱ ቮላኖ ሰፊ በመሆኑ የካምቢዮው ቤት ውስጡ በጥቂቱ ካልተሞረደ በቀር ከብረቱ ጋር ይፋተጋል። ይህን አስቀድሞ ያልመረመረ ሰው አሮጌውን ሞተር ካወረደ በኋላ አዲሱ እንቢ ይለውና መኪናዋን በግቢው አቁሟት ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ሥራው ሲጀመር ልምድ ያለው መካኒክ መገኘት አለበት። በመጀመሪያ መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ የፊት ጎማዎቿ በድንጋይ ይታገዳሉ። ቀጥሎም ከኋላ መቀመጫ ሥር የሚገኘው ባትሪ፣ የኔጋቲቩ ገመድ ቀድሞ፣ ይለያል። ባትሪው ከተለየ በኋላ ብቻ የቤንዚኑ ቱቦ ይነቀላል፤ አፉም ወዲያው ይደፈናል፤ ታንኩ ከፊት ቢሆንም ቤንዚኑ በቱቦው ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላልና። ከዚያም የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ምልክት እየተደረገባቸው ይፈታሉ፤ የነዳጅ መስጫውና የማሞቂያው ገመዶችም ይለያሉ። የመኪናዋ የኋላ ክፍል በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው አይገባም። ሞተሩ 100 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሌላ ክሪክ ከሥሩ ይደረግለታል። በመጨረሻም የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች፣ ቀጥሎ የላይኞቹ ሁለት ቡሎኖች ተፈትተው፣ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘንግ እስኪለቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ዘንጉን ሳይለቅ ዝቅ ቢደረግ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ያርፍና ዘንጉን ወይም የፍሪሲዮኑን ሸራ ያበላሻል።

አዲሱ ሞተር ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የተፈታው መጨረሻ ይታሰራል። የቮላኖው የመሐል ቡሎን፣ አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም የተንጠለጠለ ያህል ይጠብቃል። የቤንዚኑ ቱቦ በአዲስ ተተክቶ ጫፎቹ በማሰሪያ ቀለበት ይያዛሉ፤ ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ በትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ መኪናዋ ትቃጠላለችና። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ጥብጣብ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ጥብጣብ ከታች ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ ተመልሶ እንዳይሳብ ስለሚከለክል፣ እርሱ የተረሳበት ሞተር በሙቀት ይጎዳል። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ተጨምሮ ልኩ ከታየ በኋላ ባትሪው ይያያዛል።

ሞተሩ ተነሣ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ወደ እንጦጦ በጉልበት የወጣች መኪና መውረድም አለባት። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባለ 1,500 ሞተሯን ቮልስዋገን ባወጣ ጊዜ፣ በአውሮፓ የሚሸጡትን የፊት ፍሬናቸውን ዲስክ አድርጎታል። ስለዚህ ፍሬኑ ሳይመረመርና እንደ አስፈላጊነቱ ሳይሻሻል መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። የሞተሩም ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ በመሆኑ ለውጡ ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይገለጻል።

ለ. ማብራሪያ

1. ቅደም ተከተልና ቦዝ አንቀጽ። በአማርኛ የድርጊትን ቅደም ተከተል ከሚያሳዩት መንገዶች ዋነኛው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ፈታ» ከሚለው ግሥ ፈትቼ፣ ፈትተህ፣ ፈትቶ፣ ፈትታ፣ ፈትተው የሚሉት ይገኛሉ። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገርን አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። አሁን የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ) መካኒኩ ባትሪውን ለይቶ የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ።
ለ) መካኒኩ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ ባትሪውን ለየ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ የተሠሩትም ከአንድ ዓይነት ቃላት ነው። የተለወጠው ቦዝ የሆነው ግሥ ብቻ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቤንዚኑ የተከፈተው ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ስለሆነ መካኒኩ ከአደጋ ይጠበቃል። በሁለተኛው ግን የቤንዚን ትነት በአየር ላይ እያለ ገመዱ ሲለይ ብልጭታ ሊፈጠር፣ ከብልጭታውም እሳት ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ አንድን ግሥ ያለ ቦታው ቦዝ ማድረግ የቃል ስሕተት ብቻ ሳይሆን የሥራ ስሕተት ጭምር መሆኑን ልብ በሉ።

ይሁንና ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቅደም ተከተልን አያመለክትም። «ሞተሩን ተጠንቅቆ ሳበው» በሚለው ዓረፍተ ነገር «ተጠንቅቆ» የሚያሳየው የአሳሳቡን ሁኔታ ነው። አንባቢ ይሳሳታል ብላችሁ በምትሠጉበት ቦታ «ከተለየ በኋላ ብቻ»፣ «ከመፍታት በፊት»፣ «እስኪለቅ ድረስ» የመሳሰሉትን ሐረጎች ተጠቀሙ። ምንባቡ ባትሪውን በሚመለከት ይህን ያደረገው ስለዚህ ነው።

2. ልክና ቁጥር። «ቡሎኑን በደንብ አጥብቅ» ቢባል የአንዱ ሰው «በደንብ» ለሌላው ጥቂት ነው። የላላ ቡሎን ይወልቃል፤ ከልክ በላይ የጠበቀም ይበጠሳል። ስለዚህ መለካት የሚቻለውን ሁሉ በቁጥር ግለጹ።

3. ምክንያት። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ትእዛዙ ሲከብደው ይዘለዋል። የጎማው ጥብጣብ ጥቅሙ ባይገለጽ ኖሮ እንደ ተራ ጌጥ ተቆጥሮ በቀረ ነበር። «ስለ»፣ «በመሆኑ»፣ «እንዳይ»፣ በመጨረሻም የምትመጣው «ና» (ለምሳሌ «ይችላልና») ምክንያትን ለመግለጽ ያገለግላሉ።

4. የአነጋገር አንድነት። ምንባቡ ከሞላ ጎደል «ይለያል፣ ይነቀላል፣ ይሳባል» በሚሉ ተደራጊ ግሦች ተጽፏል። በትእዛዝ አንቀጽ «ለይ፣ ንቀል፣ ሳብ» ብሎ መጻፍም ይቻላል። አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ግን ያለ ምክንያት ወደ ሌላው አትሻገሩ፤ አንባቢው ማን ምን እንደሚሠራ ይጠፋበታልና።

ሐ. መልመጃ

1. ከመፍታት በፊት ማነጻጸር ለምን እንዳስፈለገ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስረዱ።

2. ከምንባቡ ምክንያትን የሚገልጹ አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጡ፤ ምክንያቱን ያመለከተውን ቃል ወይም ምዕላድ አስምሩበት።

3. የሚከተሉትን በቦዝ አንቀጽ አያይዛችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጉ። «ዘይት ጨመረ። የዘይቱን ልክ አየ። ባትሪውን አያያዘ። ሞተሩን አስነሣ።»

4. የሚከተለው ዓረፍተ ነገር የሥራ ስሕተት አለበት። ስሕተቱን ገልጻችሁ አስተካክሉ። «ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትቶ ምልክት አደረገባቸው።»

5. ስለ ፍሬን የሚናገረው አንቀጽ ከምንባቡ ቢወጣ፣ ድርሰቱ ተሟልቷል ሊባል ይችላልን? አስተያየታችሁን በምክንያት ደግፉ።

6. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ አዘውትሮ የሚሠራ አንድ ሥራ ምረጡ፤ የብስክሌት ጎማ መለጠፍ፣ ጠላ መጥመቅ ወይም የልብስ ስፌት ሊሆን ይችላል። አሠራሩን ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ድርሰት ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና ጽሑፉን እያነበበ ይሥራ። እናንተ አጠገቡ ቁሙ እንጂ አትናገሩ፤ ነገር ግን አደጋ የሚያደርስ ስሕተት ሊሠራ ሲል ወዲያው አስቁሙት። ቆሞ ቀና ብሎ ባያችሁ ቁጥር፣ ከድርሰታችሁ የጎደለው ነገር ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ያን ቦታ ምልክት አድርጉበትና እንደገና ጻፉት።