ያልመጣውን መንገደኛ መጠየቅ፦ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያና የደንበኛ ፍላጎት ጥናት

ቴዎዶር ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1960 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባሳተመው መጣጥፍ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎችን ውድቀት መርምሯል። የመንገደኛውም ሆነ የጭነቱ ፍላጎት እያደገ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግን ሥራቸውን «ማጓጓዝ» ሳይሆን «ባቡር» ብለው ስለተረጎሙት ደንበኞቻቸውን ለመኪናና ለአውሮፕላን ለቀቁ። መጣጥፉ በንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ይነበባል፤ ምሳሌው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ይታለፋል። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፉሪ ላይ፣ ይኸው ጥያቄ በተጨባጭ ቆሞ ይታያል።

ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። የመዲናዋ መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ባቡር ግን መንገደኛውን የሚያወርደው ለገሃር፣ በከተማው እምብርት ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። አሮጌው ባቡር ቀርፋፋ ነበር፤ ሆኖም ተሳፋሪው ከጣቢያው ሲወጣ ገበያ ውስጥ ነበር። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያም እንደ ፉሪው ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል።

ጣቢያዎቹን ከከተማ ማራቅ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ጭነትን ያስቀደመ መስመር ሰፊ መሬትና ቀጥ ያለ ሐዲድ ይሻል፤ የከተማን መሀል ሰንጥቆ ማለፍ የብዙ ቤቶችን መፍረስ ያስከትላል። የመሐንዲሱ ስሌት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛው የሚገዛው ከፉሪ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ሐዲድ ሳይሆን ከቤቱ ደጃፍ እስከ ዘመዱ ደጃፍ ያለውን ጉዞ ነው። ከኮተቤ የሚነሣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከተማውን ማቋረጥ አለበት፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ፉሪ አይደርስም። ባቡሩ በሐዲዱ ላይ የሚያተርፈው ጊዜ በታክሲ ወረፋ ሊባክን ይችላል። የጣቢያው ጎረቤት የሆነው የፉሪ ነዋሪ ደግሞ በየማለዳው የሚፈልገው ሜክሲኮ መድረስ ነው፤ መስመሩ ግን የታቀደው ለረጅም ርቀት ነው።

በጭነት በኩል ነገሩ ይለያል። አስመጪው የጣቢያን ውበት አይመለከትም፤ የሚያሳስበው ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ መቼ እንደሚደርስና ባዶው መቼ እንደሚመለስ ነው፤ መዘግየት ለእርሱ ክፍያ ነውና። ማዳበሪያና ስንዴን የመሰለ ብዛት ያለው ጭነት ለባቡር ተስማሚ ነው። ዕቃው መጋዘን በር ላይ እንዲራገፍ ለሚፈልግ ነጋዴ ግን የጭነት መኪና አሁንም ይቀናል፤ ከባቡር ወደ መኪና ማዛወር ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ቀን ነው።

ሌቪት «ሥራህን በሰፊው ተርጉም» ይላል። ምክሩ ለፉሪ ሙሉ በሙሉ አይበቃም። አብዛኛው ወጪው በቻይና ብድር የተሸፈነ መስመር «እኔ ትራንስፖርት ነኝ» ቢል ሐዲዱን ከቦታው ማንሣት አይችልም። የሚችለው ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ያለውን ክፍተት መሙላት ነው፦ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተናበበ የከተማ አውቶቡስ፣ አንድ ቲኬት፣ ለነጋዴው ሻንጣ የሚሆን ቦታ። ከእነዚህ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀው ደንበኛው ነው።

የጥናት ዘዴው ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የደንበኛ እርካታ መጠይቅ በጣቢያው አዳራሽ ለተቀመጡ ተሳፋሪዎች ብቻ ቢበተን፣ መልስ የሚሰጡት ርቀቱን አስቀድመው የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ንጽሕናውና ስለ አስተናጋጁ በጎ ውጤት ሊገኝ ይችላል፤ ባቡሩን ትቶ በአውቶቡስ የሄደው ግን በናሙናው ውስጥ የለም። ውጤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ኩባንያው ይበልጥ ሊዘናጋ ይችላል። በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጥናት ግማሹን መጠይቅ ወደ ድሬዳዋ አውቶቡስ መሳፈሪያ፣ ሌላውን በሞጆ ጭነት ወደሚጠብቁ የመኪና ባለንብረቶችና አስመጪዎች ቢወስድ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄም «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ሳይሆን «ዛሬ ከቤትዎ ስንት ሰዓት ወጡ?» ሊሆን ይገባል።