ትርፍ ጊዜያችንና የምናስተላልፈው ወሬ



ከዒሻ ሶላት በኋላ ዶርም ገብተን ስልካችንን ስንከፍት የጋዛውም የሱዳኑም ወሬ ይጠብቀናል። የወገኖቻችን ጉዳይ ሊያሳስበን ይገባል። ያየነውን ሁሉ ማስተላለፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ አንድ ማታ ቴሌግራም ላይ «ነገ ጠዋት እነዚህ ቤቶች ይፈርሳሉ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ምንጩን ሳልጠይቅ ለክፍላችን ግሩፕ ላክሁት። ቤተሰቦቹ እዚያ የሚኖሩ የዶርም ጓደኛዬ ጥናቱን ጥሎ በሌሊት ሄደ። ወሬው ሐሰት ነበር። ጓደኛዬ የጠዋቱ ፈተና አለፈው። እኔን ዐፉ ብሎኛል፤ ፈተናውን ግን ልመልስለት አልቻልኩም።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የማይታመን ሰው ወሬ ሲያመጣ እንድናረጋግጥ ያዘናል፤ ምክንያቱም ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አስተምረውናል። እኔ ያን ማታ ትርፍ ጊዜዬን ብቻ ሳይሆን የወንድሜንም ጊዜ አከሰርኩ።

ስለዚህ ከማስተላለፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦

1. ማን አለው? መቼ?
2. ሐሰት ቢሆን ማንን ይጎዳል?
3. እውነት ከሆነስ ከእኔ ምን ይጠበቃል?

የጓደኛዬ ቤተሰብ ከሳምንታት በኋላ በእርግጥ ሲነሳ፣ አራት ሆነን ቅዳሜን ዕቃ ስንሸከም ዋልን። ለሩቁ ወገናችን ዱዓ እናድርግ፤ ለቅርቡ ደግሞ እንድረስለት።

ወላሁ አዕለም።