የቦይ ውሃና የጉበት ጠባሳ

ስለ እርሻ በሚጻፍበት ገጽ ስለ ጉበት መጻፋችን አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቦይና ጉበት ከሚታሰበው ይልቅ ቅርብ ናቸው። ከካርቱም ደቡባዊ ሠፈሮች አንዱ ከሆነው ከጀብራ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በጥቁርና በነጭ ዐባይ መካከል ወደ ተዘረጋው የገዚራ እርሻ ይደርሳል። የስናር ግድብ በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ሥራ ሲጀምር፣ ቦዮቹ ከጥጡ ጋራ ቀንድ አውጣን፣ ቀንድ አውጣውም ቢልሃርዚያን አበዛ።

የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል በውሃ ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባና በአንጀት ደም ሥሮች ይቀመጣል። እንስቲቱ በቀን እስከ 300 ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋራ ሲወጣ፣ የቀረው በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ይወተፋል። ብዙ ሰው ጉበትን የሚያደነድነው ትሉ ራሱ ይመስለዋል። ጠባሳውን የሚሠራው ግን የገዛ ሰውነታችን ነው፤ ይኸውም የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ዕንቁላሉን ከበው ያጥሩታል። ከእነርሱ መካከል ማክሮፌጅ የሚባሉት በላተኞች መልእክት ሲሰጡ፣ በጉበት የሚኖሩ ኮከብ መሰል ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር ያወጣሉ። አጥሩ ባይኖር የዕንቁላሉ መርዝ ጉበቱን በጎዳው ነበርና ሥራቸው ከንቱ አይደለም። ዕንቁላሉ በጥቂት ሳምንታት ይሞታል፤ አጥሩ ግን ይቀራል። ይህ ለዓመታት ሲደራረብ ወደ ጉበት የሚገባው ደም መንገድ ያጣል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ የጕሮሮ ደም ሥሮች ተወጥረው ሲፈነዱም ሕመምተኛው ደም ያስታውካል።

በአንድ ቦይ የሚታጠቡ ጎረቤታሞች እኩል የማይጎዱት ስለ ምንድን ነው? በ1999 የታተመ፣ በሱዳን ቤተ ሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከባዱ ጠባሳ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን የዘበኞች መልእክት ከሚመለከት የዘር ውርስ ክፍል ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳየ።

ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ አዲስ ዕንቁላል መምጣቱ ሲቋረጥ እነዚያው በላተኞች ጠባያቸውን ለውጠው ኮላጅኑን የሚያሟሙ ቅመሞች ያወጣሉ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን እንጂ ጠባሳውን አይነካም፤ ሆኖም በገዚራ መንደሮች ከሕክምናው በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ የብዙ ሰዎች ጠባሳ ቀንሶ ተገኝቷል። የቈየና የወፈረ ጠባሳ ግን ሁሉም አይሟሟም፤ ስለዚህ ሕፃናት መድኃኒቱን ገና በጊዜው ሊወስዱ ይገባል። ድኖ ወደዚያው ቦይ የተመለሰ ልጅም እንደ ገና ይያዛል። ስለ ቀንድ አውጣው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ያዩትን ማስታወስ ይበቃል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው።