በ38 ዓመቷ ሩጫ ለጀመረችው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ልትመዘገቢ መሆኑን አባትሽ በስልክ ነገረኝ፤ ደግሞ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜዬን ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ከቢሮ ወንበር ተነስቶ ሊሮጥ ያሰበ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እሰጋለሁ። የምሰጋው እንዳያቅትሽ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ከሚገባው በላይ እንዳትችዪ ነው። እንግዲህ ሳትጠይቂኝ ልምከርሽ፤ አክስት የሚኖረው ለዚህ ነው።

1. ቀስ ብለሽ ሩጪ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው። እኛ ሩጫን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ደወል የተደወለለትን የመጨረሻ ዙር ነው የምናስታውሰው። ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ቤቱ ሁሉ ተነስቶ ጮኋል። ታዲያ እኛም ሩጫ ስንጀምር ያ ዙር ይታየንና ጃን ሜዳ ገብተን እንከንፋለን፤ ብዙም ሳንርቅ ጎናችንን ውጋት ይዞን ሣር ላይ እንቀመጣለን። በማግስቱ ቋንጃችን አልታዘዝ ሲል «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብለን እንተወዋለን።

አንድ ቀን ማልደሽ እንጦጦ ወይም ሰንዳፋ ውጪና አትሌቶቻችንን እያቸው። በባሕር ዛፉ መሐል ተከታትለው፣ የፊተኛው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያጠማዘዘ ይመራቸዋል፤ አረማመዳቸው ዝግ ያለ፣ እግራቸው መሬቱን ዳበስ እያደረገ የሚያልፍ ነው። ቀላል የልምምድ ቀናቸው ይህን ይመስላል። የሚከንፉበት ቀን ሌላ ነው፤ ዝግ የሚሉባቸው ቀኖች ባይኖሩ ያም አይኖርም። በዓለም ላይ እጅግ ፈጣን የሆኑት ሰዎች ዝግ ማለት ካላሳፈራቸው፣ አንቺን የሚያሳፍርሽ ምንድን ነው?

መለኪያው ቀላል ነው፤ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አትግዢ። እየሮጥሽ አጠገብሽ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ነገር መንገር ከቻልሽ ፍጥነትሽ ልክ ነው። ሁለት ቃል ተናግረሽ ትንፋሽ የምትስቢ ከሆነ ፈጥነሻልና ቀንሺ። ሲቀንሱ መሮጡ ቀርቶ መራመድ ከሆነም ይሁን፣ ተራመጂ።

2. ያለሽበትን ከፍታ አትርሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ፈረንጅ በቆላ አገር ሆኖ ያወጣውን ፕሮግራም ስልክሽ ላይ ጭነሽ «በዚህ ፍጥነት ሩጪ» ሲልሽ ካልደረስሽበት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዱባይ ያለው ወንድምሽም አብሬያት እሮጣለሁ ብሏል አሉ። ዓርብ ማታ ቦሌ አርፎ እሁድ ጠዋት እንዳይሰለፍ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይምጣ፣ በአየር ማቀዝቀዣ ሥር በትሬድሚል ላይ ያመጣውንም ፍጥነት እዚያው ይተወው።

3. አሁን ሐምሌ ነው፤ እስከ ኅዳር አጋማሽ 4 ወር ያህል አለሽ። በቂ ነው፣ ግን የሚተርፍ አይደለም። በሳምንት 3 ቀን ውጪ፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ አንድ ቀን እረፊ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን 8 ጊዜ ደጋግሚና ወደ ቤትሽ ግቢ። «ይሄማ ምኑ ልምምድ ነው» ትያለሽ፤ አውቃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሶምሶማውን 2 ደቂቃ አድርጊው። እንዲህ እያልሽ ሩጫውን ጨምሪ፣ እርምጃውን ቀንሺ፤ በ10ኛው ሳምንት ገደማ 30 ደቂቃ ሳታቋርጪ ትሮጫለሽ። የከበደሽን ሳምንት ድገሚው እንጂ አትዝለዪው።

ይህን ያህል የማዘገይሽ በምክንያት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሁለተኛው ወር ትንፋሽሽ ይከፈትና «ጨምሪ ጨምሪ» ይልሻል፤ እግርሽ ግን ገና ነው። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ሊጥ ብታፈሺ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው የሚጎዳው ባቃተው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ደስ ባለው በሁለተኛው ወር ነው።

4. ከመጀመርሽ በፊት ደም ግፊትሽንና ስኳርሽን ተለኪ። በእኛ ቤት ሁለቱም እንዳለ ታውቂያለሽ። ስትሮጪ ደረትሽን የሚጨንቅሽ፣ የሚያዞርሽ ወይም ራስሽን የሚያስትሽ ከሆነ ያን ቀን ሩጫ አበቃ፤ ሐኪም ሳያይሽ አትመለሺበት።

5. ጫማ ላይ አትሰስቺ፣ ልብሱ ላይ ሰስቺ። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው» የሚል አንድ አጎት በየቤቱ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ነገር ግን ያ እግር ያለ ጫማ ገጠር ያደገ፣ ክብር ዘበኛ ውስጥ የጠነከረ እግር ነው። ደግሞ አጎትየው የማይነግርሽ ነገር አለ፦ ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ በ3 ደቂቃ ይፈጥናል።

ጫማ ስትገዢ ወደ ማታ ሂጂ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲዋልበት ያብጣል። ከአውራ ጣትሽ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይቅር። ጫማውን በሁለት እጅሽ እጠፊው፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ መታጠፍ አለበት፣ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ተይው። የታዋቂ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ከመግዛት ስም የሌለው ሆኖ የተመቸሽን ግዢ። ልባሽ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ሌላ ሰው ጨርሶታል። ደግሞ ይህን አባትሽ አይነግርሽምና እኔ ልንገርሽ፦ ለስፖርት የተሠራ ጠበቅ ያለ ጡት ማስያዣ ከጫማው እኩል አስፈላጊ ነው።

6. የት ትሮጫለሽ? አስፋልት ዳር ከሆነ መኪናው ሳይበዛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። ጭስ በሚተነፍስ ታክሲ ኋላ መሮጥ ጤና አይባልም። ጃን ሜዳ ደህና ነው፤ ሣርና አፈሩ ለጉልበት ይራራል። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱትን አይተሻል፤ እሱም ይሆናል፣ ብቻ ደረጃውን እየዘለሉ ከሚወጡት ጋር አሁን አትግቢ። እንጦጦን ለእረፍት ቀን ተይው፤ ስትወጪ ተራመጂ፣ ስትወርጂም ተራመጂ። ሰው ዳገቱን ይፈራል እንጂ ጭንና ጉልበትን የሚሰብረው ቁልቁለቱ ነው።

ዝናብ ቢያገኝሽ አትሞቺም። መብረቅ ካለ ግን ከዛፍ ሥር አትጠለዪ፤ ጫካውንም ሜዳውንም ለቀሽ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቢ።

ውሻ ሲመጣብሽ አትሩጪ። ቁሚ፣ ፊትሽን ወደ እሱ አድርጊ፣ ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በይ፤ የአዲስ አበባ ውሻ ይህችን ቋንቋ ያውቃታል። ከነከሰሽ ግን፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሂጂ። «ባለቤት ያለው ውሻ ነው» ብለሽ አትደሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

7. መንገድ ላይ ይናገሩሻል። «አይዞሽ ደራርቱ!» የሚል አለ፤ እሱ ደግ ነው፣ እጅሽን አንሺለት። ሌላም የሚል አለ፤ ለእሱ ትንፋሽሽን አታባክኚ። መንገድሽን አልፎ አልፎ ለውጪ፣ ጆሮሽ ውስጥ ሙዚቃ አትድፈኚ፣ ጨለማ ሳለ ብቻሽን አትውጪ። ይህን ለወንድሞችሽ አልመክርም ነበር፤ ለአንቺ ግን መምከር ግድ ሆነብኝ፣ ያናድደኛል።

8. ስለ ምግብ። ሩጫ ያከሳል ብለሽ ከሆነ የጀመርሽው ሒሳቡን ላሳይሽ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው 350 ካሎሪ ያህል ነው። ከሩጫ መልስ ካፌ ተሰብስቦ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ የሚያዝ ሰው ያቃጠለውን እዚያው መልሶ ይጭናል። ጨጨብሳውን እወዳለሁ፣ አልከለክልሽም፤ ሩጫው ላይ ግን አታሳብቢ። ሩጫ የሚሰጥሽ እንቅልፍ ነው፣ ደረጃ ስትወጪ የማያልቅ ትንፋሽ ነው። ኪሎው ከቀነሰ ይቀንስ።

ለ30 ደቂቃ ሩጫ ከውሃ ሌላ መጠጥ አያስፈልግም። ማልዶ ሆዴ ባዶ ነው ካልሽ ትንሽ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጠዋት አትሩጪ፤ ማታ ከበላሽ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አድርጊው፣ ወይም እነዚያን ሁለት ሳምንታት በእርምጃ አሳልፊያቸው። ጾም ከሩጫ ጋር አይጣላም፤ የኛ አትሌቶችም ይጾማሉ። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን ግን በደንብ ብዪ። አንድ የምጠይቅሽ ነገር፦ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆዪው፤ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ሎሚ ደግሞ ያግዛል። ሴት ልጅ በየወሩ ደም ይፈሳታል፤ ያለ ምክንያት ከደከመሽና ሩጫው ከሳምንት ሳምንት ከባሰብሽ ልምምድ ከመጨመርሽ በፊት ደምሽን አስመርምሪ።

9. ሕመምን ለዪ። ጭንሽና ባትሽ ሰፋ ብሎ የሚያም፣ ስትሞቂ የሚለቅ ከሆነ የልምምድ ነው፤ በሁለት ቀን ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ በጣት ጫፍ የምታሳዪው፣ በተለይ ቅልጥምሽ አጥንት ላይ፣ ስትሮጪ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን አቁሚ። እናትሽ ያን ጊዜ ወጌሻ ትጠራለች፤ ታውቂያታለሽ። ወጌሻን አልንቅም፣ የወለቀ ትከሻ በደቂቃ ሲመልሱ አይቻለሁ። ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት ቅቤ ተቀብቶ ሲታሽ ይብሳል እንጂ አይድንም። ሐኪም ይይሽ፣ ያሳርፍሽ፤ ጥቂት ሳምንታት ብታርፊ ዓመት ሙሉ ከማረፍ ትድኛለሽ።

10. ሰው ፈልጊ። በኛ አገር አትሌቶች ዘንድ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ደግ አይባልም፤ ምክንያት አላቸው። ብቻሽን ከሆንሽ ዝናቡ ሲያካፋ አልጋው ያሸንፍሻል። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው አታጪም፤ ከአንቺ የሚፈጥን ግን አትምረጪ።

11. የሩጫው ቀን። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ማሸነፍ የፊተኞቹ ጉዳይ ሆነ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይጨፍራል። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ብትፈልጊም መሮጥ አትችዪም፤ ከበሮ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ። አትበሳጪ፣ በሰው መሐል እየተጠማዘዝሽ ጉልበትሽን አትጨርሺ። ያን ቀን አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ የሚባል ነገር አታድርጊ። ጥፍርሽን ሁለት ቀን ቀድመሽ ተቆረጪ። ዳገቱ ላይ ተራመጂ፤ የሚታዘብሽ የለም፣ ሁሉም እየተራመደ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን በስንት ሰዓት እንደጨረስሽ ማታ ስትደውዪልኝ አልጠይቅሽም።

ሰኞ ደረጃ ስትወርጂ ጭንሽ ያቃስታል፤ ሊፍት ካለ ተጠቀሚ። ሳምንቱን ተራመጂ እንጂ አትሩጪ። የሩጫውን ቲሸርት አባትሽ ይለምንሻል፣ አውቀዋለሁ፤ አትስጪው። መጥቶ ይመዝገብ፣ ራሱ ሮጦ ይልበሰው።