ስለ ጥጆች የአንጀት ጤንነትና ስለ መጀመሪያ ምግባቸው የተሰጠ ትምህርት

የከብት ሀብት የሚጀምረው ከላሟ ሳይኾን ከጥጃዋ ነው። በሐዋሳ፥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፥ በግቢው ላም አሥሮ ወተት የሚሸጥ ሰው ለላሟ ፉርሽካና ፋጉሎ ለመግዛት ገንዘቡን አይሰስትም፤ ለጥጃዋ ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፋት ታልቦ ያለቀ ጡት ነው። በተወለደች በጥቂት ቀን ተቅማጥ ይዟት ስትሞት ባለቤቱ «ዕድሏ ነው» ብሎ ይተዋል። ነገሩ ግን ዕድል ሳይኾን የአመጋገብና የንጽሕና ጕድለት የሚኾንበት ጊዜ ብዙ ስለ ኾነ፥ ሹማምንት ምክንያቱን ዐውቀው ሕዝቡን ሊያስረዱ ይገባል።

ይህ ጕዳይ በውጭ አገር በብዙ የተመረመረው በአሳማ ግልገሎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ አርቢው ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለጥጃም ይረዳል። ሣር የምታብላላው ትልቋ የሆድ ክፍል እስክትጠነክር ድረስ፥ ጥጃ የጠባችው ወተት እርሷን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛዪቱ ክፍል ይወርዳልና፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዷ ከአሳማ ግልገል ሆድ ጋራ ይመሳሰላል።

የአሳማ ግልገል በ3 ወይም በ4 ሳምንቱ ከጡት ሲለይ ተቅማጥ በቀላሉ ይይዘዋል። አርቢዎች እድገቱን ለማፋጠን ከመኖው ጋራ ጥቂት ጥቂት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይቀላቅሉ ነበር። ኋላ ግን ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱ ለሰው ሕክምና እንኳ እንቅፋት መኾናቸው ስለ ታወቀ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ስዊድን በ1986፥ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ይህን ልማድ ከለከሉ። በምትኩ ከተፈለጉት ነገሮች አንዱ ፕሪባዮቲክ የሚባለው ነው፤ ስሙም የወጣለት በ1995 ነው። ይኸውም እንስሳው ራሱ የማይፈጨው፥ በአንጀቱ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ግን የሚመገቡት ነገር ነው። እነዚህ በልተው ሲበዙ አንጀቱን አሲዳም ያደርጉታል፤ ክፉዎቹንም ስፍራ ያሳጧቸዋል። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ያለው ኢኑሊን ከዚህ ወገን ነው። ጠላ ከሚያፈላው እርሾ ቅርፊት የሚወጣው ማናን ደግሞ አንዳንዶቹን ክፉ ተሕዋስያን በራሱ ላይ ስለሚያጣብቅ ከአንጀት ግድግዳ ይከለክላቸዋል። ይህን ሰምቶ ግን ለምትጠባ ጥጃ አተላ መስጠት አይገባም፤ አተላ ለላሟ እንጂ ለእንቦሳ ሆድ አይስማማም።

ከገበያ ከሚገዛ ዱቄት ኹሉ የሚቀድም ግን በየቤቱ አለ፤ እርሱም እንገር ነው። ጥጃ በማሕፀን ሳለች በሽታ የሚከላከለው ኀይል ከእናቷ ደም ወደ እርሷ አያልፍም፤ የምታገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቷም ይህን ኀይል የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቍጥር እየተዘጋ ሄዶ አንድ ቀን ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ጠቃሚዎቹን ተሕዋስያን የሚመግብ የስኳር ዐይነትም በእንገር ውስጥ አለ። እንግዲህ እንገሩን አፍልቶ ለቤተ ሰብ መብላት ወይም የእንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ጥጃዋን ሳያጠቡ መጠበቅ፥ ሕይወቷን በገዛ እጅ ማሳጠር ነው።

ስለዚህ ለአርቢው የሚነገረው ይህ ነው፤

1ኛ/ ጥጃ በተወለደች በ2 ሰዓት ውስጥ ከክብደቷ ዐሥረኛ እጅ ያህል እንገር ታግኝ፤ 30 ኪሎ ብትመዝን 3 ሊትር ማለት ነው።

2ኛ/ እትብቷ በአዮዲን ይነከር፤ መኝታዋ ደረቅ፥ የወተት ዕቃዋም የታጠበ ይኹን።

3ኛ/ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ውሃና ጥቂት የደቀቀ የእህል መኖ ይቅረብላት፤ የሆዷ ትልቅ ክፍል የምትጠነክረው በዚህ ነው።

4ኛ/ ተቅማጥ ቢይዛት ወተት አይከልከላት፤ የፈሰሰውን ውሃና ጨው የሚተካውን ድብልቅ ከእንስሳት ሐኪም ተቀብሎ በመካከል ማጠጣት ይገባል። ፀረ ተሕዋስያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጣት።

ፕሪባዮቲክ ለመግዛት የሚሻ አርቢም እነዚህን አራቱን አስቀድሞ ይፈጽም። እንገር ባላገኘች፥ በእድፍ ላይ በምትተኛ ጥጃ ላይ የዱቄቱ ዋጋ ከንቱ ነውና።

በየቀበሌው ያሉ ሹማምንት የላሞችን ቍጥር ሲመዘግቡ ስንት ጥጃ ተወልዶ ስንቱ እንዳደገ ጨምረው ይጠይቁ። ዛሬ ሦስት ሊትር እንገር የተነፈገች ጥጃ፥ ከዓመታት በኋላ ለከተማው ወተት ትሰጥ የነበረች ላም ናት።