ጫማን ማላመድ

«ለመደ» እና «አላመደ» አገልግሎታቸው የተለያየ ነው። እግር ጫማን ይለምዳል፤ ሰው ግን ጫማውን ከእግሩ ጋር ያላምዳል። ቀጥሎ ያለውን ሂደት ገላጭ አንቀጽ አንብቡ።

የጉለሌ ተማሪ በአዲስ ሰንደል ጫማ በመጀመሪያው ቀን እንጦጦን አይውጣ። አንድ ሰዓት ያህል በቤት፣ ከዚያም በሰፈር ይጫማው። ጠንካራው ሶል እግርን ይደግፋል፤ የሚለዝበው ማሰሪያው ነው። ቁልቁለት ሲወረድ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ያልለዘበ ማሰሪያ ቆዳን ይልጣል። የጠበበ ጫማ ግን በማላመድ አይሰፋም፤ ይለወጥ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው ነው፤ እግሩም ያለ ጫማ መሮጥን ለምዶ ነበር።

መልመጃ፦ በአንቀጹ ውስጥ ምክንያትን የሚያሳዩትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።