የአቃቂ ወንዞች ደለል፦ ከጠቅላላ መጠን ባሻገር

ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል የግድብ ሐይቅ ይገባሉ፤ ውኃቸውም ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በጉዟቸው የቆዳ ፋብሪካዎችን፣ የጋራዦችንና የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዳርቻቸው ደግሞ ለከተማዋ ገበያ የሚቀርብ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በዚሁ ውኃ ይለማል። በደለሉ ውስጥ ያለው የክሮሚየም፣ የእርሳስና የካድሚየም ጉዳይ ስለዚህ የማዕድ ጉዳይ ነው።

የውኃ ናሙና የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት አልፎ ሄዷል። ደለል ግን የዓመታትን ክምችት ይይዛል። ብረታቱ በሸክላ ቅንጣቶች፣ በአይረንና በማንጋኒዝ ኦክሳይዶች እንዲሁም በብስባሽ ላይ ተጣብቀው ይሰፍራሉ። በመሆኑም ከ63 ማይክሮሜትር በታች ያለው ደቃቅ ክፍል ተነጥሎ ካልተተነተነ አሸዋማን ናሙና ከሸክላማ ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ይበልጥ አስቸጋሪው ነገር የመነሻ መጠን ምርጫ ነው። ሙለር በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የጂኦ-ክምችት መለኪያ የተገኘውን መጠን ለመነሻው መጠን 1.5 እጥፍ ያካፍልና የድርሻውን ሎጋሪዝም በ2 መሠረት ይወስዳል። በመነሻነት አዘውትሮ የሚወሰደው የዓለም አማካይ የሼል አለት ሲሆን ለክሮሚየም 90 ሚሊግራም በኪሎግራም ነው። የአቃቂ ተፋሰስ ግን በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ያረፈ ነው፤ ከባዛልት የተገኘ መረሬ አፈር ደግሞ ያለማንም ብክለት ክሮሚየምና ኒኬል ሊበዛበት ይችላል። ለስሌት ያህል 270 ሚሊግራም ክሮሚየም ያለበት ደለል ቢገኝ፣ በሼል መነሻ መለኪያው 1 ይሆናል። የአካባቢው የተፈጥሮ መጠን 180 ቢሆን ግን ያው ደለል 0 ላይ ያርፋል። አንዱ ቁጥር ፋብሪካን ይከስሳል፤ ሌላው ነጻ ያወጣል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከሌላ አህጉር በተዋሰ ሠንጠረዥ ባይሰጥ ይመረጣል። ከፋብሪካዎች በላይ ካሉ፣ ተመሳሳይ አለት ካላቸው ገባር ወንዞችና ከጥልቅ የደለል ንብርብር የሚወሰድ ናሙና የተሻለ መነሻ ይሆናል።

ጠቅላላ መጠንም ቢሆን ጉዳትን በቀጥታ አይለካም። በባዛልት ማዕድን ውስጥ የታሰረ ክሮሚየም ለተክል ሥር አይደርስም፤ በደካማ አሲድ የሚሟማው ክፍል ግን ይደርሳል። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለሦስት ቫሌንስ ክሮሚየም በአንጻራዊነት መርዛማነቱ አነስተኛ ነው። ይሁንና የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ወደ መርዛማው ባለስድስት ቫሌንስ ሊቀይሩት ይችላሉ። ስለዚህ በደረጃ የሚከናወን የማሟሟት ትንተና ውድና አድካሚ ቢሆንም ሊታለፍ አይገባም።

ይህ ልዩነት በተለይ የወንዝ ዳርቻ ሲለማና ደለል ሲቆፈር ይጎላል። ኦክስጅን በሌለው የወንዝ ወለል ካድሚየምና ዚንክ በሰልፋይድ መልክ ረግተው ይቆያሉ። ጭቃው ወጥቶ በአየር ሲደርቅ ሰልፋይዱ ይበሰብስና ብረታቱ ይለቀቃሉ፤ የክረምቱ ዝናብም ጠርጎ ወደ ማሳውና ወደ ወንዙ ይመልሳቸዋል። የተቆፈረ ደለል የሚከማችበት ቦታ ከመመረጡ በፊት ናሙናው እርጥብ ሳለም ከደረቀ በኋላም መመርመር ይኖርበታል።